የአባባ ዘንግ ጉብጠት

ጠጋኟ ይሏታል። እግሩ የወለቀ ወንበር ይሁን እጀታው የተሰበረ ጃንጥላ፣ «አይሆንም» ብላ የመለሰችው ዕቃ የለም። ሰው መጠገን ግን አትወድም፤ «እሱ ጣጣው ብዙ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት መምህር በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር እንደ ሕፃን ታቅፎ ከሱቋ ገባ። ሲፈታው የቀርከሃ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። ጫፉ ተሰብሮ በአንድ ጭረት ተንጠልጥሏል።

«ምን አደረግከው?»

«የመኪና በር ዘጋሁበት።»

«እንኳንም ጣትህ አልሆነ!»

«ምነው ጣቴን ባደረገው! የአያቴ ነው፤ ሳላስፈቅድ ነው የወሰድኩት። አሳድገው አስተምረው ለዚህ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸውን ታክመው ተኝተዋል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ፋሻው ተፈቶላቸው ወንዝ ሊወርዱ ቆርጠዋል። ይህን ካዩ...»

ዘንጉን ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠችው። ስድስት ስስ የቀርከሃ ፍልጦች ተጣብቀው አንድ የሆኑበት የድሮ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ ከየት ይገኛል!

«ይድናል» አለች። «ግን እንዳታጣድፈኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።»

መምህሩ ከክፍል እንደወጣ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ስብራቱ በሙጫ ከተያዘ በኋላ በቀይ የሐር ክር መጠምጠም ነበረበት። እሱ ክሩን ይወጥራል፣ እሷ ዘንጉን ቀስ እያደረገች ታዞራለች። ሥራው ወሬ አይወድም፤ ዓይን ለዓይን ግን ያጋጥማል። አንድ ቀን ክሩ ላላ።

«ወጥረው እንጂ! የት ሄድክ?»

«እዚሁ ነኝ። ችግሩ እሱ ነው።»

ሳቀች። ወደደችው፣ ምን ይደበቃል!

ቫርኒሽ የምትቀባበት ቀን ሲደርስ አቧራ እንዳይነሳባት ብላ «እስከ ዓርብ አትምጣ» አለችው። ብቻዋን ስትሆን ዘንጉ ከወገቡ ላይ ወደ ግራ መጉበጡን አየች። ላስደስተው ብላ በኩራዝ ነበልባል ላይ በጥንቃቄ እያሞቀች አቃናችው።

ዓርብ መጥቶ ሲያየው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ጉብጠቱስ?»

«አቃናሁት! ቆንጆ አልሆነም?»

«እሱ እኮ የአርባ ዓመት የአያቴ እጅ ነው! በጨለማ እንኳ ዘንጋቸውን የሚለዩት በእሱ ነው። ማን ንኪ አለሽ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዘንጉን ይዞ ወጣ፤ ዞር ብሎም አላያት። የደንበኛ ቁጣ ለምዳለች፣ የዛሬው ግን ለሷ ከቁጣ በላይ ነበር። «ወይ እጄ!» እያለች አለቀሰች።

ቅዳሜ በጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ወንዝ ወረደች። ያጠፋሁት እኔ፣ ቁጣውንም የምቀበለው እኔ ብላ ነው። አያትየው ዘንጉን ጨብጠው ወገቡን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ መምህሩ ከጎናቸው ላብ በላብ ሆኗል።

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያቃናሁት» አለች ሳትተነፍስ። «ጉዳት መስሎኝ ነው። እሱ የለበትም፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«የሰበርኩት ግን እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ መምህሩ። «እሷ አዳነችው። እኔ ደግሞ ጮህኩባት።»

ሽማግሌው ዘንጉን ወደ ኋላ አንስተው የማጥመጃውን ገመድ ወረወሩ። ዓሣ እንድታታልል ከላባ ተሠርታ መንጠቆውን የሸፈነችው ዝንብ ቀጥ ብላ በርራ ከወዲያኛው ቋጥኝ ሥር አረፈች። ወዲያው ውሃው ተቦጫረቀ! ዘንጉ ክፉኛ ጎበጠ፣ ጠጋኟ ቀይ ክሯ ላይ አፈጠጠች። ክሩ ጸና። ክንድ የሚያክል ዓሣ እየተንፈራገጠ ወጣ።

«እሰይ!» አሉ ሽማግሌው። «አርባ ዓመት ሙሉ ወደ ግራ እየሄደብኝ ወደ ቀኝ ሳነጣጥር ኖርኩ! ያ ቋጥኝ ሥር አንድም ቀን ደርሼ አላውቅም። የሚያቃናልኝ አጥቼ እንጂ ጉብጠቱን ወድጄው መሰለህ፣ አንተ ጅል?»

ጅሉ ወደ እሷ ዞረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። እወድሻለሁ። እኔንስ ትጠግኚኛለሽ?»

«ሰው አልጠግንም» አለች፤ ግን ሳቋ አመለጣት። «አንተን እሞክርሃለሁ። ጊዜ ይወስዳል።»

«ችኩል ጅብ...»

«ዝም በል!» ብላ እጁን ያዘችው።

ሽማግሌው ዘንጉን ለሁለቱም ዘረጉላቸው። «በሉ ተቀበሉኝ። እኔ በአርባ ዓመት አጉብጬዋለሁ፤ አሁን ደግሞ እናንተ አብራችሁ እያጠመዳችሁ አጉብጡት።»