የአባቷ ግራ በኩል

ስሚልቴ እንጉዳዮቹን ከቅርጫቱ አንድ በአንድ እያወጣች ገለባበጠቻቸው። አንዲት የጥድ ቅጠል የለችባቸውም። ጭቃ የለም፣ ትል የበላው የለም፣ ጉንዳን እንኳ የለም። ዕድሜዋ ገና አሥራ አራት ነው፤ ከጫካ የተለቀመ እንጉዳይ ግን እንዲህ ለሠርግ የታጠበ መስሎ ቤት እንደማይገባ የአሊቱስ ከተማ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ይሄ መንገድ ዳር ባልዲ ደርድረው ከሚቀመጡት ሴቶች የተገዛ ነው።

አባቷ ቪጋንታስ ኮሪደሩ ላይ ጃኬቱን ይሰቅላል። ጫካው እንዴት እንደነበረ ስትጠይቀው «ጥሩ ነበር» አላት። የት ጫካ እንደሆነ አልጠየቀችውም። እዚህ አገር የእንጉዳይ ቦታ አይጠየቅም፤ ወንድም ለወንድሙ አይናገርም፣ ሚስትም አትጠይቅም። ሦስት ማክሰኞ በተከታታይ ባዶ ቅርጫት አንጠልጥሎ ሲወጣ እናቷም ዝም ያለችው ለዚህ ነው። ለመዋሸት ከዚህ የተመቸ ሰበብ ከየት ይመጣል?

ያለፈው ቅዳሜ ባይኖር ኖሮ ስሚልቴም ዝም ባለች ነበር። ቅዳሜ ዕለት፣ የእግር ኳስ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ ጎረምሳ አጥቂ በአባቷ ግራ በኩል ሽው ብሎ አለፈ። ተከላካይና የቡድኑ አምበል የሆነው የሠላሳ ስድስት ዓመቱ አባቷ አልተከተለውም። አንገቱን እንኳ አላዞረም። ጎል ሆነ፤ ቡድኑም ከሊጉ ላለመውረድ አንዲት የእሑድ ጨዋታ ብቻ ቀረችው። የጎሉ ቪዲዮ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱን አዳርሶ ነበር። አብሯት የሚማረው ኖዩስ በክፍሉ ሁሉ ፊት «አባትሽ ጨዋታውን ሸጦታል» አላት፤ የሳቀ ሰው አለመኖሩ ደግሞ ባሰባት።

በዚህ አገር እግር ኳስ መጫወት ራሱ ጉድ ነው፤ የሰዉ ልብ ያለው ቅርጫት ኳስ ላይ ነው። ቪጋንታስ ግን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሪጋ ሄደ፣ ቀጥሎ ፖላንድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ገባ፣ ከዚያ ካዛክስታን ሁለት ክረምት ብርድ ቆረጠመው። ለብሔራዊ ቡድን ዘጠኝ ጊዜ ተሰልፎ ስምንቱን ተሸንፏል፤ አቻ ስለወጡባት ስለዚያች አንዷ ሲያወራ ግን አይጠግብም። በዚህ ሁሉ ዓመት ዘገየ ያለው አለ፣ ሻካራ ነው ያለው አለ። አውቆ አሳለፈ ያለው ግን አልነበረም።

ቪዲዮውን ሠላሳ ጊዜ አይታዋለች። ባየችው ቁጥር ኖዩስን ለማመን ትቀርባለች፤ ይሄ ደግሞ ያሳፍራታል፣ ያናድዳታልም።

አባቷ ወደ ኩሽናው ሲገባ አልቻለችም።

«የገዛኸው ነው» አለችው። «የት ነበርክ? ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?»

«እራቱ ምንድን ነው?» አላት። ጥያቄዋን መሸሹ እንደ መልስ ተቆጠረባትና እጇ ላይ የነበረውን እርጥብ ፎጣ በንዴት ወረወረችው። ፎጣው በግራ በኩል መጥቶ ጉንጩ ላይ ተለጠፈ። ቪጋንታስ ዓይኑን አላርገበገበም፣ እጁን አላነሳም፤ ካረፈበት በኋላ ነው ድንግጥ ያለው። ሃያ ዓመት ሙሉ የመጣ ኳስ ሁሉ ሲመልስ የኖረ ሰው።

ስሚልቴ ወደ ግራው ዞራ እጇን ፊቱ አጠገብ አነሳች።

«ስንት ጣት ነው?»

«ተይ፣ ልጄ።»

«አባዬ፣ ስንት ነው?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚሄደው ካውናስ ከተማ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ነበር። የግራ ዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን እየተቀደደ ነው። ቀዶ ሕክምናው ለሚቀጥለው ሳምንት ተይዟል፤ እስከዚያ ኳስ በቴስታ ከመታ ዓይኑ ጭራሽ ሊጠፋ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮታል። የቡድኑ ሰዎች ምንም አያውቁም።

«እሑድን ብቻ ስጪኝ» አላት። «ጉድ ውስጥ የከተትኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔው ላውጣቸው። ለእናትሽም እንዳትነግሪ።»

«ሸጠ እያሉህ እኮ ነው።»

«ይበሉኝ። አያይም ከሚሉኝ ይሻለኛል።»

ያን ቀን ማልቀስ አማራት፤ ስለጠረጠረችው ነው፣ ስለዓይኑም ነው። በማግስቱ ኖዩስ ያንኑ ነገር ሲደግምባት መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብትናገር የአባቷ ስም ከሐሜት ይነጻል፣ የእሑዱ ጨዋታ ግን ይቀርበታል። ዋጠችው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ስታዲየሙ ሄደች። ቡድኑ የማዕዘን ምት ይለማመዳል። አባቷ ከፍ ብሎ የመጣውን ኳስ አንገቱን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጎ በቀኝ ዓይኑ ፈለገው፣ ዘለለ፣ በግንባሩ ገጨው። ካረፈ በኋላ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማንም ልብ አላለውም። ስሚልቴ ግን አይታለች፤ ወደ ቢሮዎቹ አመራች።

የአሰልጣኝ ቼስሎቫስ ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። አሰልጣኙ ሲያያት ፊቱ ጠቆረ፤ የመጣችው ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ከሆነ ከልጅ ጋር እንደማያወራ ነገራት። እሱም እንደ ኖዩስ እንደሚያስብ ያን ጊዜ ገባት።

በመስኮቱ በኩል የአባቷ ድምፅ ይሰማል። ወጣቶቹን ተከላካዮች እያደራጀ ነው፤ «ግራውን ለእኔ ተዉት» ይላቸዋል።

ስሚልቴ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

«እሑድ አያሰልፉት» አለች። «ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።»