የሰኞ ፎቶ

«ሚዲየም ይበቃሻል አይደል?» አለ ዮፍታሔ፣ ጥቁሩን ቲሸርት ለኤፍራታ እየወረወረላት።

ኤፍራታ ቲሸርቱን ዘርግታ አየችው። «መቼም አንረሳሽም» ይላል። ከጽሑፉ በላይ ቢፍቱ አንገቷን አዘንብላ፣ ዐይኗን ጨፍና ትታያለች። የክፍል አለቃው ዮፍታሔ ከትናንት ጀምሮ ማተሚያ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ፣ አሁን እንደ ሠርግ ሚዜ እየተንጎራደደ ያድላል። ቢፍቱ በሕይወት ሳለች በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ያቺ የገጠሯ» ነበር የሚላት።

«ፎቶውን ከየት አመጣችሁት?»

«ማሂ ናት የሰጠችን። ቢፍቱ ሌላ ፎቶ የላትም እኮ።»

ኤፍራታ ፎቶውን በደንብ ታውቀዋለች። ቢፍቱ አሰላ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትማረው። ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት በቆጂ አጠገብ ወዳለው መንደሯ ትሄድና፣ ሰኞ ገና ሳይነጋ ተነሥታ በመጀመሪያው መኪና ትመለሳለች። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ዴስኩ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል። አንድ ሰኞ የክፍል ጓደኛቸው ማሂ ፎቶ አነሳቻትና «የገጠሯ ልዕልት» ብላ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ዮፍታሔ ደግሞ ስቲከር አድርጎ ሠራው። ክፍሉ በሳቅ ሲናጥ መምህሩ ቢፍቱን ቀስቅሶ እስከ ደወል አቆማት። አጠገቧ የምትቀመጠው ኤፍራታ አልሳቀችም። ይኸው ነው እንግዲህ የሠራችው ደግ ሥራ።

ባለፈው ሳምንት ብርዱ ሲጠናባት ቢፍቱ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍሏ አስገብታ በሩን ዘጋች። ጠዋት አልተነሣችም። እነሆ አሁን ከፎቶው ላይ «የገጠሯ ልዕልት» የሚለው ተቆርጦ፣ በምትኩ ሻማ ተለጥፎበታል። ሰው ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል፤ የእነዚህ ግን ባሰ።

ኤፍራታ ቲሸርቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው። ለለቅሶ የተከራዩት ሚኒባስ ውስጥ ማሂ አጠገቧ ተቀምጣ እንባዋን ትጠርጋለች፤ በየመሃሉ ደግሞ በስልኳ ካሜራ ፊቷን ታያለች።

«አትለብሺውም እንዴ?» አለቻት ማሂ።

«ፎቶው የት እንደተነሳ አውቃለሁ።»

ማሂ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከውጭ የገብሱ ማሳ ማለቂያ የለውም። ኤፍራታ ቁርጥ አድርጋ ወሰነች፦ ዛሬ እናትየው ፊት፣ ሁሉም እየሰማ፣ እውነቱን ትናገራለች። ያኔ የሚያለቅሱት የእውነት ይሆናል።

ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ የቢፍቱ እናት ከተቀመጡበት ቀና አሉ። ቲሸርቶቹን ሲያዩ ተነሥተው ወደ ማሂ ተራመዱና መዳፋቸውን ማሂ ደረት ላይ፣ በልጃቸው ፊት ላይ አሳረፉ።

«ኢንተለ ኮ» አሉ በኦሮምኛ። «ልጄ። እኔ ቤት የእሷ ፎቶ የለኝም። መቼ ነው የተነሳችው?»

ስለ ሁሉ ነገር የሚያወራው ዮፍታሔ ጫማውን ያያል።

«ሰኞ ነው፣ እማማ» አለች ኤፍራታ። «ክፍል ውስጥ ነው።»

«ሰኞ?» ሴትየዋ እጃቸውን ከፎቶው ላይ አላነሱም። «ሰኞ ሰኞ በሌሊት እኔ ነኝ የምቀሰቅሳት። ትንሽ ልተኛ ትለኛለች። መኪናው ያመልጥሻል ብዬ ብርድ ልብሱን እገፍፋታለሁ።» ወደ ኤፍራታ ዞሩ። «እናንተስ ተዋችኋት? እንድትተኛ ተዋችኋት?»

ኤፍራታ ማሂን አየቻት። ማሂ ዐይኗን ጨፍና ዱላ እንደምትጠብቅ ሰው ቆማለች። ኤፍራታ ናቀቻት። ዮፍታሔንም፣ መምህሩንም፣ እዚያ ዴስክ ላይ ዝም ብላ የተቀመጠችውን ራሷንም ናቀች። ይዛው የመጣችው እውነት አፏ ላይ ነበር።

«አዎ፣ እማማ» አለች። «ማንም አልቀሰቀሳትም። እስክትጠግብ ነው የተኛችው።»

ሴትየዋ ራሳቸውን ደጋግመው ነቀነቁ። «ተባረኩ» አሉ። ኤፍራታ ቲሸርቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት። ያን ቀን በዚያ ድንኳን ውስጥ ከዋሹት ሁሉ እሷን የሚያህል አልነበረም።

ሲመለሱ በቆጂን ካለፉ በኋላ ማሂ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ኤፊዬ፣ አመሰግናለሁ። የምትናገሪብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም። ስልክሽን አውጪ።»

«ለምን?»

«ፎቶው አሁንም ግሩፑ ላይ አለ፣ ከነጽሑፉ።»

ማሂ ወደ ኋላ ብዙ ፈልጋ አገኘችው። ማሂ እስክታጠፋው ድረስ ኤፍራታ ዐይኗን ከስክሪኑ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ ዮፍታሔ የተቀመጠበትን የፊተኛውን ወንበር በጣቷ መታ መታ አደረገችና እጇን ዘረጋች።

«አሁን ደግሞ ስቲከሩ» አለች።

ዮፍታሔ ዞሮ አያት። ስልኩን ከፍቶ አቀበላት።