ካልሲው እስኪመጣ ድረስ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፣ ከሌላ ቻናልም አልቀዳሁትም።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር፣ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባባ ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው። ሠላሳ ዓመት ማሽን አጠገብ ቆሞ ዋለ። ጡረታ ሲወጣ ማሽኑ ጆሮውን አስቀርቶ ነው የሸኘው።

እናታችን ካረፈች በኋላ ከእኔና ከታናሽ እህቴ ጋር ይኖር ነበር። የምንነግረውን ደብተር ላይ እንጽፍለታለን፣ እሱ በአፉ ይመልስልናል።

የእኔ ሥራ ስልክ ማንሳት ነው። ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው አቤቱታ "እሺ፣ ገባኝ፣ ይቅርታ" እያልኩ አዳምጣለሁ። የገዛ አባቴን ግን ደውዬ "እንዴት ዋልክ?" ካልኩት አራት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ስለዚህ የመስሚያ መሣሪያ ልገዛለት ቆረጥኩ።

ኢንተርኔት ላይ ጥሩ አገኘሁ። ከጆሮ ኋላ የሚቀመጥ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ ግራና ቀኝ። ልከፍል ስል ሁለት ምርጫ መጣ። በሁለት ቀን ቤት ድረስ፣ በክፍያ። ወይም ደግሞ... ነጻ።

እህቴ "ወይዘሮ ቅናሽ" የምትለኝ በከንቱ አይደለም። ነጻ የሚል ቃል ካየሁ እጄ አያርፍም።

ለነጻው ግን የገዛሁት እቃ ዋጋ ትንሽ ይጎድላል ተባልኩ። "አንድ ነገር ይጨምሩ" አለኝ። ስድስት ጥንድ ካልሲ ጨመርኩ።

የካልሲው ዋጋ ከማድረሻው ይበልጥ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ማስተዋል በማይጠቅምበት ጊዜ ነው።

ካልሲ ደግሞ ሞልቶኛል። መሳቢያዬ አልዘጋ ብሎኝ በጉልበቴ ነው የምገፋው።

መስሚያው በማግስቱ ተዘጋጀ። ካልሲው ሌላ መጋዘን ነበር። "እቃዎችዎን አንድ ላይ ለመላክ እየጠበቅን ነው" የሚል መልእክት መጣልኝ።

አንድ ሳምንት... ሁለት ሳምንት...

የአባቴ ጆሮ ካልሲ እየጠበቀ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ነጻ ሲሆን ቤት ድረስ አያመጡም። ከመንገዱ ማዶ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚያስቀምጡት። አባባ ይህን ካወቀ ወዲያ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ኮቱን ደርቦ ይወጣል። ባለ ፎቶ ኮፒዋ ገና ከሩቅ ስታየው እጇን ታወዛውዛለች። አልመጣም ማለቷ ነው። ይስቅላትና ይመለሳል።

"መቼ ነው የሚደርሰው?" ይለኛል ማታ። "ስሰማ መጀመሪያ የማደርገው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እናንተን ዝም በሉ ማለት ነው።"

ደብተሩ ላይ "መንገድ ላይ ነው፣ አባባ" ብዬ እጽፍለታለሁ።

ውሸቴን ነበር። ካልሲ እየጠበቀ ነው ብዬ መጻፍ አፍሬ ነው።

በሃያኛው ቀን፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ፣ አንድ የአሸዋ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ጲጵ... ጲጵ... እያለ ያስጠነቅቃል። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል።

አባባ አልሰማም።

እቃው የደረሰው ከቀብሩ በስምንተኛው ቀን ነው።

ባለ ፎቶ ኮፒዋ ራሷ ይዛው መጣች። ዓይኔን ማየት ከበዳት። "ጋሼ እኮ በየቀኑ..." አለችና መጨረስ አቃታት። ካርቶኑን በሩ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ስከፍተው ካልሲዎቹ ከላይ ነበሩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፣ በቀብሩም ቀን።

"ለሚያስፈልገው ሰው እንስጠው" አለች እህቴ።

"ትንሽ ይቆይ።"

መስሚያዎቹን ሳጥናቸው ውስጥ እንዳሉ ቻርጅ አደረግኳቸው፣ አፑን ስልኬ ላይ ጫንኩ። የተጠቃሚ ስም ሲለኝ "አባባ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሳጥኑን ዘግቼ እሱ ክፍል፣ አልጋው ራስጌ አስቀመጥኩትና በሩን ቆለፍኩ።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ሆኜ አፑን ከፈትኩት።

"ትናንት ጆሮ ላይ የዋለው፦ አሥራ አንድ ደቂቃ።"

አንድ ነገር ተበላሽቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆነ። ከሥሩ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሰማ ይዘረዝራል። ጸጥታ... ጸጥታ... ንግግር።

ንግግር ያለው ሰዓት እኔና እህቴ ሳሎን ቁጭ ብለን ስለ እሱ የምናወራበት ነበር።

ሻጮቹ ጋ ደወልኩ። እንደ እኔው ሥራው የሰለቻት ሴት አነሳች።

"ጆሮ ውስጥ ካልገባ አይቆጥርም" አለችኝ። "የሰውነት ሙቀት ይፈልጋል።"

"ሳጥኑ ውስጥ ሆኖስ?"

"ሳጥኑ ውስጥ ከሆነማ ይጠፋል። ለማን ነበር የገዙት?"

"ለአባቴ።"

"ታዲያ እሳቸው አድርገውት ይሆናላ!" ብላ ሳቀች። "ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?"

እኔም ለሰው የምለው ይህንኑ ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

ማታ ለእህቴ አሳየኋት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያንሸራተተች ቀኖቹን አየች። ድንገት ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው?" ብላ አንሾካሾከች።

ስልኬ ቤት በዋለበት ቀን ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ "ከስልክዎ ርቋል" ይላል። አሥር ሰዓት ላይ ተመልሶ ይገናኛል።

"ስልኩን ለእኔ ትተሽ በወጣሽ ቀንም?"

"በዚያም ቀን።"

"ይሄ እኮ አባባ የሚወጣበት..."

"አውቃለሁ።"

"እቃው መጥቶለታል እኮ። አሁንም ምን ሊጠይቅ ነው የሚሄደው?"

እኔ ግን ገብቶኝ ነበር... ወይም የገባኝ መስሎኝ ነበር። መጥቷል ብሎ የነገረው ሰው የለም። መንገድ ላይ ነው ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፣ ቃሌን አምኖ ነው መንገዱን የሚጠብቀው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። እውነቱን ከእኔ አፍ እንዲሰማ። ሰምቶም... እንደ ድሮው ልጄ እንዲለኝ።

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። እህቴ ሳጥኑን ከፍታ ጭኗ ላይ አድርጋ ቤት ቀረች። እኔ ወጣሁ። በስልክ እየተነጋገርን ነበር፣ ድምፁን ከፍቼዋለሁ።

"አሉ?"

"አሉ። እያየኋቸው ነው።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም። ኧረ ተመለሽ በናትሽ።"

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት ለፊት ደረስኩ። አባባ የወደቀበትን ቦታ ታጥቦም አውቀዋለሁ። ቆምኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

"ከስልክዎ ርቋል።"

አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩ... ሌላ አንድ...

"ተገናኝቷል።"

አጠገቤ ማንም አልነበረም። ፀሐይና አቧራ ብቻ።

"አባባ" አልኩ፣ በቀስታ። "መንገድ ላይ አልነበረም። ዋሽቼህ ነው።"

ስክሪኑ ላይ "ጫጫታ" የሚለው ጠፍቶ "ንግግር" መጣ።

"ነጻ ስለሆነ ብዬ ነው። በሁለት ቀን መድረስ ይችል ነበር። ካልሲ ነበር የሚጠብቀው..."

የመስሚያውን የድምፅ መጠን የሚያሳየው መስመር ተንቀሳቀሰ። እኔ አልነካሁትም። ከሦስት ወደ አራት... አምስት... ሰባት...

አሥር ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ የለውም።

አልሰማ ብሎት ነው። ሊሰማኝ ፈልጎ ነው የጨመረው።

ስለዚህ ጮህኩ። ሰው እያየኝ፣ መንገድ መሐል፣ እንደ ዕብድ ጮህኩ።

"ካልሲ ነው፣ አባባ! በስድስት ጥንድ ካልሲ ነው የገደልኩህ! ሰማኸኝ?"

ምንም አልሆነም። ረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም።

ከዚያ...

"ግራ፦ ከጆሮ ወጥቷል።"

ትንሽ ቆይቶ...

"ቀኝ፦ ከጆሮ ወጥቷል።"

"ሄሎ?" አለች እህቴ በስልኩ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

"ምን ሆንሽ?"

"ሞቁ።"

"ምን?"

"መስሚያዎቹ። አሁን፣ እጄ ላይ... ሞቁ።"

ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። እህቴ እንደተቀመጠች ናት፣ መዳፏን ዘርግታ። ሁለቱን አንድ ላይ አነሳኋቸው። ከሰው ጆሮ አሁን የወጡ ይመስሉ ነበር።

"ውሃ ነክቷቸዋል?" አልኳት።

"እኔ? ኧረ ምንም አላስነካሁም።"

ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ጫፎቻቸው እርጥብ ነበሩ። የግራውም፣ የቀኙም። በጣቴ ነክቼ ምላሴ ላይ አደረግኩት።

ጨው ነው።

በጀርባው የተኛ ሰው ሲያለቅስ እንባው ወደ ጆሮው ነው የሚወርደው።

አባባን በጀርባው ነው ያስተኛነው።