አጥፊውና አብሪው

እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ ራሴን ልከስ ነው የመጣሁት።

ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ከጠዋት እስከ ማታ የማላውቀውን ሰው «ምን ልርዳዎት?» እላለሁ። ስልኩ የጋለበት፣ ቻርጅ አልገባ ያለው፣ የይለፍ ቁጥሩን ረስቶ በገዛ ስልኩ ላይ የተቆለፈበት፣ ሁሉም እኔ ጋ ይደውላል። አንዳንዱ ገና «ሄሎ» ሳልለው ስድቡን ይጀምራል። እኔ ግን ማር ነኝ። «አይጨነቁ አባቴ፣ ቀስ ብለን አብረን እናየዋለን» እላለሁ። አለቃዬ ትዕግሥት ማለት ይሄ ነው እያለ የኔን ድምፅ ለአዲስ ሠራተኞች ያሰማል። ይሄን የምነግራችሁ ልኩራራባችሁ ብዬ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን ስትሰሙ እንድታፍሩብኝ ነው።

አባቴ ሬድዮ ጠጋኝ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ሐኪሙ» ይለው ነበር። ወደ መንገድ የሚከፈተው የቤታችን የፊት ክፍል የሥራ ቦታው ነው። መደርደሪያው ላይ ጀርባቸው የተከፈተ ሬድዮዎች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዳቸው አንገት ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት በክር ታስሯል። እርሳስ ሲቀልጥ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም ድረስ የሆነ ቦታ ሲሸተኝ እግሬ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አባዬ ሦስቱንም አራቱንም በአንዴ ይሞክራቸዋል። አንዱ ዜና ያነባል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ያፏጫል። እማዬ ከወጥ ቤት «ኧረ በእናትህ አንዱን ዝም አሰኘው!» ትላለች። እሱም «ምን በወጣው፣ ገና ዛሬ አፉን መፍታቱ ነው!» ይላታል። እንዴት ያለ ቤት ነበር!

አንድ ሕግ ነበረው፤ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ብሎን አይፈታም። ሰው ሬድዮ ታቅፎ ሲገባ ሬድዮውን ቀና ብሎም አያየው። በርጩማዋን ስቦ ሰውየውን ያስቀምጥና «በል ንገረኝ፣ መቼ ነው የተለየበት? ከዚያ በፊትስ ምን ሆኖ ነበር?» ይላል። አንዷ ደንበኛው ሬድዮዬ ዝም ካለ ሳምንቱ ብላ መጣች። ሲጠይቃት፣ ሲጠይቃት፣ ለካ ባሏ ድራማ ሰልችቶት ባትሪውን ደብቆባት ኖሯል። «ሬድዮሽ ጤነኛ ነው፤ ባልሽን አምጪልኝ» አላት። እየሳቀች ሄደች።

«ከሚመጣልኝ ግማሹ አቧራ ነው» ይል ነበር። «መጀመሪያ ትጠይቂያለሽ፣ ቀጥሎ ታጸጃለሽ፣ መፍታት የመጨረሻው ነው።» ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌአለሁ። ሰምቼ የት እንዳደረስኩት እንግዲህ ተመልከቱ።

አባዬ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ታሞ በተኛበት ጊዜ በእማዬ ስልክ ላይ ድምፁን ቀድቶላት ነበር፤ አሥራ አንድ ቅጂ፣ «ለሚስቴ» የሚል ስም ሰጥቶ አንድ ላይ አስቀምጦላታል። እማዬ በየጠዋቱ አንዷን ታዳምጣለች። ይሄን ያኔ እኔ አላውቅም። እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት።

አንድ ቀን ወደ ስብሰባ እየገባሁ ደወለች።

«ልጄ፣ ድምፁ ጠፋብኝ'ኮ።»

«የምን ድምፅ? ይሄው እየሰማሽኝ አይደል እንዴ?»

«አንቺንማ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው በደንብ እሰማሻለሁ። የሱ ድምፅ ነው የጠፋው።»

«የሱ» ስትል ስልኩን መሰለኝ። ሌላ ነገር ማለቷ ይሆናል ብዬ ጭራሽ አላሰብኩም። «እማዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ። አጥፊውና መልሰሽ አብሪው፤ ይስተካከላል» አልኳትና ዘጋሁት። ለማላውቀው ሰው ሩብ ሰዓት የምሰጥ ሴትዮ ለእናቴ አንድ ደቂቃ አልሰጠኋትም።

በሳምንቱ ደግማ ደወለች፤ «እሁድ እመጣለሁ» አልኩ። አልሄድኩም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ቱግ አልኩ። «እማዬ፣ እሱ ስልክ አርጅቷል። አዲስ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ያንን ወዲያ ጣይው!»

«አዲሱ ውስጥ ይኖራል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ተይው በቃ» አለችና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ አልደወለችም። እኔ ደግሞ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ተስተካከለላት ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዕረፍቴ ቀን፣ እሁድ፣ አዲሱን ስልክ ከነካርቶኑ ይዤ ሄድኩ። የፊት ክፍሉ እንዳለ ነው። ጠረጴዛው፣ ብሎን መፍቻዎቹ፣ ያቺ የደንበኛ በርጩማ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ አለ። እማዬ ሽርጧን እንዳደረገች አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስልኩን በመሐረብ ሸፍና ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ከስታለች። ካርቶኑን ስሰጣት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሳትከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እስቲ አሮጌውን አምጪው» አልኩና እጄን ዘረጋሁ። «ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ አስጀምረዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እንዳትነኪው! አንዴ አጥፊው ብለሽኝ ያጠፋሁት ይበቃኛል!»

እናቴ እንዲህ ጮኻብኝ አታውቅም። ክው አልኩ። ያገኘሁት ነገር ላይ ቁጭ አልኩ፤ ለካ የደንበኛ በርጩማዋ ላይ ኖሯል። እዚያ ላይ ስቀመጥ አፌ ያወጣው ቃል የኔ አልነበረም።

«ንገሪኝ እስቲ እማዬ። መቼ ነው የተለየበት? ከዚያ በፊትስ ምን ሆኖ ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ፤ ስለ አሥራ አንዱ ቅጂ፣ ስለ ጠዋት ጠዋቱ፣ የአባዬ ድምፅ ቀን በቀን እያነሰ ሄዶ አንድ ጠዋት ጭራሽ እንደጠፋ።

«ላንቺ ደወልኩልሽ። አጥፊውና አብሪው አልሽኝ። የሱ ድምፅ ያለበትን ቦታ ተጭኜ ስይዘው ‹አጥፋ› የሚል ቃል መጣልኝ። ይሄ ነው ያለችኝ ብዬ ተጫንኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ ናት ያለችኝ፣ እሷ ታውቃለች ብዬ አዎ አልኩት።» እንባዋን በመሐረቡ ጠረገች። «‹አብራ› የሚለውን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። አባትሽን በገዛ እጄ ሁለተኛ ቀበርኩት።»

ውይ በሞትኩት! ስልክ መዝጋትም ማጥፋት ነው፣ ውስጡ ያለውን መሰረዝም ማጥፋት ነው። በሥራ ቦታ ለደንበኛ «አጥፋው» እንዳንል የተከለከልነው ለዚህ ነው። እንግዳውን ሰው «ከጎን ያለውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙት» ብዬ አስረዳለሁ። ለእናቴ ግን የወጣልኝን ወረወርኩላት።

«እማዬ፣ ያን ቀን ስብሰባ ነበረኝ» አልኩና ከዚያ ወዲህ ያለውን ቀን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። የተሰረዘ ነገር ቶሎ አይጠፋም፤ በዚህ ዓይነቱ ስልክ ላይ መጣያው ውስጥ ሠላሳ ቀን ይቆያል። ይሄን በቀን አሥር ጊዜ ለሰው እናገራለሁ። ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት። «እማዬ፣ ስልኩን ስጪኝ። ምንም አልሰርዝም። አጠገቤ ሆነሽ እዪ።»

መጣያውን ከፈትኩት። አሥራ አንዱም አሉ! ከእያንዳንዳቸው ጎን «3 ቀን ቀርቷል» ይላል። ያን እሁድም ብቀርና ሌላ እሁድ እሄዳለሁ ብል ኖሮ አባቴ በሕይወቴ ሙሉ አይመለስም ነበር። «መልስ» የሚለውን ራሷ እንድትጫነው ጣቷን ይዤ አሳየኋት። «ለሚስቴ» የሚለው ስም ወደ ቦታው ተመለሰ። እማዬ ግን አልሳቀችም።

«አሁንም ድምፅ የለውም'ኮ» አለች።

እውነቷን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ችግሯን ሰማሁ። ስልኩን ገልብጬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ከታች በኩል ድምፅ የሚወጣባት ቀዳዳ በዱቄትና በክር ብናኝ ተደፍናለች። ሁልጊዜ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው የምትይዘው። ከጎን ያለውን ቁልፍ ተጭኜ ስልኩን ዘጋሁት። የአባዬን መሳቢያ ስቤ አቧራ የሚያጸዳባትን ለስላሳ ብሩሽ አወጣሁ፤ እጀታዋ እጁ ውስጥ ከመዋል ብዛት አልቆ ሰርጉዷል። ደረቁን፣ ቀስ እያልኩ፣ ቀዳዳዋን ወደ ታች ደፍቼ አጸዳሁ። ብናኙ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። መልሼ ከፈትኩትና የመጀመሪያውን ቅጂ አጫወትኩት።

«ሄሎ... ሄሎ... ይቀዳል እንዴ ይሄ? እሺ። የኔ እመቤት፣ ጤና ይስጥልኝ።»

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች።

አሥራ አንዱንም ተራ በተራ ሰማናቸው። ለካ ስልክ መጠገን ነው የሚያስተምራት! እማዬ «እኔ'ኮ በየጠዋቱ ድምፁን እንጂ የሚለውን መቼ ሰማሁት!» አለች። «ሲንቀራፈፍብሽ አትቆጪው፤ እንደኔ ሸክም በዝቶበት ነው። የማትፈልጊውን ቪዲዮ ቀንሺለት።» «ሲግልብሽ የሽፋን ልብሱን አውልቂለትና አሳርፊው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ አውቅሻለሁ።» «ውኃ ከነካው ዝጊውና ጠርገሽ ነፋስ ላይ አስቀምጪው። ምድጃ አጠገብ አይሁን።» «ድምፁ ሲያንስ ቀዳዳዋን በደረቅ ብሩሽ አጽጂያት፤ ጠላቷ የሽርጥሽ ኪስ ነው። ደግሞ መርፌ እንዳትከቺባት!» ይሄኔ እማዬ ሽርጧ ላይ የሰካቻትን መርፌ ቀስ ብላ ነቅላ ስትደብቅ አየኋትና ሁለታችንም በእንባችን መሃል ሳቅን። ዘጠነኛው ላይ ደግሞ «‹አጥፊ› የሚለው ቃል ፍቺው ሁለት ነው» ይላል። «መዝጋትና መሰረዝ አንድ አይደለም፤ ‹አጥፋ› የሚል ካየሽ እጅሽን ሰብስቢና ጠይቂ።» እኔ አንገቴን ደፋሁ።

የመጨረሻው አጭር ነበር። ድምፁ ደክሟል፣ በየመሃሉ ይተነፍሳል።

«ይሄ ሁሉ አልሆን ካለሽ ለልጃችን ደውዪላት። ሥራ ላይ ናት ብለሽ አትፍሪ። እሷ አትቆጣሽም። እኔን ነው የምትመስለው፤ መጀመሪያ ትጠይቅሻለች።»

ሦስት ጊዜ ደውላልኝ አንድም ጊዜ አልጠየቅኳትም። ያን ቀን እማዬ እግር ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሷ ግን ፀጉሬን እየዳሰሰች «ተይ አሁን፣ ዛሬ ጠየቅሽኝ አይደል?» ነው ያለችኝ።

ከመሄዴ በፊት ቅጂዎቹን ወደኔም ስልክ፣ ወደ ኮምፒውተሬም ገለበጥኳቸው። እናንተም ዛሬውኑ እንዲህ አድርጉ። የምትወዱት ሰው ድምፅ አንድ ስልክ ውስጥ ብቻ አይደር። እናታችሁ ስልኬ ተበላሸ ስትላችሁም አዲስ ለመግዛት አትሩጡ፣ ሁሉን አጥፍቼ ልጀምረው አትበሉ። ብዙው ችግር ቤት ውስጥ በደረቅ ብሩሽና በትንሽ ትዕግሥት የሚወጣ ነው። ግን መጀመሪያ ተቀመጡና ጠይቋት። ለባዕድ የምታወጡትን የማር ቃል ቤታችሁንም አትንፈጉት።

ያ አዲስ ስልክ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም። እማዬ ደግሞ ዛሬ የሰፈሩ ሐኪም ሆናለች። ጎረቤቶቿ ስልካቸውን ይዘው ሲመጡ በርጩማዋ ላይ ታስቀምጣቸውና «መቼ ነው የተለየበት?» ትላቸዋለች አሉ።

ትናንትም እኔ ጋ ደወለች። ማዳመጫዬን አውልቄ ወጣሁና «እሺ እማዬ፣ ንገሪኝ፣ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ምንም አልሆነም፤ ዝም ብዬ ነው የደወልኩት» አለችኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።