ሕጉ አያስገድድም

በዚያ ሰፈር ብረት በያጁን ሽማግሌ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» የምትለዋን ተረት ከአፋቸው ስለማያወርዷት ሁሉም «አባ ጠርጥር» ይሏቸዋል። ነፋስ በራቸውን ቢገፋው እንኳ ማን እንደላከው የሚጠይቁ ሰው ናቸው! ቤታቸውን በወጣትነታቸው ሲሠሩ የመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ወፍራም ፍርግርግ በገዛ እጃቸው በይደውበታል። የእርሳቸው ብየዳ ተላቀቀ ተብሎ አያውቅም። ከዚያ ፍርግርግ ጀርባ ባለቤታቸው ተኝተዋል። የጉልበት ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው ወዲህ እኚያ ደግ እናት ውጭውን የሚያዩት በብረቱ መሃል ብቻ ነበር...

አንድ ልጅ አላቸው። ትዳር ይዞ ከወጣ በኋላ የእናቱ ነገር እንቅልፍ ነሳው፤ ቤቱ ለበሽተኛ የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን የሚያይለት የቤት ፍተሻ ባለሙያ ይዞ መጣ። አባትየው ገና ከበሩ ላይ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ አዩና ነገሩ ከነከናቸው። «ቤቴን ሊያሸጡኝ ነው!» አሉ በሆዳቸው። ባለሙያው ያረጀውን የኤሌክትሪክ ገመድ ሲነካካ ከኋላው፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ሲያይ ከጎኑ እየሆኑ እግር በእግር ተከተሉት። መኝታ ቤት ሲደርስ ፍርግርጉን ያዝ አድርጎ ሊነቀንቀው ሞከረ። ብረቱ ፍንክች አላለም።

«አባቴ፣ የዛሬው የሕንፃ ደንብ የመኝታ ቤት ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን ይላል» አለ። «በሩ ቢዘጋባቸው እናታችን በየት ይወጣሉ?»

«ማነው የሚዘጋባት?»

«እሳት ነዋ! ይሄ ገመድ አርጅቷል።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ሕጉ ያስገድደኛል?»

ወጣቱ ባለሙያ መዋሸት አያውቅበትም። «አያስገድድም... ቤቱ ከደንቡ በፊት የተሠራ ነው፤ የሚገደደው አሁን የሚሠራ ቤት ነው። ግን እንደ ልጅዎ ልምከርዎ...»

«በቃ! አያስገድድም ብለሃል!»

ምስኪን አባት! ሕግ የማያስገድደው ነገር ሁሉ ደህና ነው ያላቸው ማን ነው? ልጃቸው «አባዬ፣ እኔ ራሴ አስቆርጬ ማጠፊያ አስገባለታለሁ» ብሎ ለመናቸው። «ለሌባ ልትከፍትልኝ? ውጣ ከቤቴ!» ብለው አባረሩት። እናት ከአልጋቸው ሆነው በዝግታ፣ «አንተ ሰው፣ አንተው በእጅህ ማጠፊያ ብታበጅለት ምን አለበት? ለኔ ስትል...» አሉ። አባ ጠርጥር የዕድሜ ልክ ሚስታቸውን ትክ ብለው አዩ። «አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ?» እናት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ወዲያ ልጁ አባቱ የሌሉበትን ሰዓት እየጠበቀ፣ በመስኮቱ በኩል የእናቱን ጣቶች ስሞ ይመለስ ጀመር። ይህንን ጎረቤት አየና ለአባትየው ነገራቸው። ሽያጭ ይሆን? ውክልና ይሆን? ያልጠረጠሩት ነገር አልነበረም! ከዚያን ቀን አንስቶ ሲወጡ በሩን ከውጭ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያም አልበቃ ብሏቸው ሌላ ጓጉንቸር ሊገዙ ወጡ።

ሲመለሱ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ሰው ባልዲ ይዞ ይራወጣል። ልጃቸው መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ፍርግርጉን በባዶ እጁ ይጎትታል፤ ብረቱ ግሎ መዳፉ ተልጧል። ከዚህ ሁሉ መዓት መሃል አባትየው ያዩት ግን ልጃቸው እዚያ መገኘቱን ብቻ ነበር። «አንተ ነህ! አቃጠልከን!» ብለው ጮኹ።

ከጭሱ ውስጥ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ። «ተው... ገመዱ ነው... ልጄን አትጠርጥረው...»

«ቁልፉን ስጠኝ፣ አባዬ! ቁልፉን!»

ቁልፉን ሰጡት፤ ግን ሳሎኑ ሲነድ በሩ የሚቀረብ አልነበረም። ሽማግሌው ግቢ ውስጥ ካለችው መሥሪያቸው የብረት መጋዝ አምጥተው ፍርግርጉን ይገዘግዙ ጀመር። ይገዘግዛሉ፣ ያለቅሳሉ... ምነው ያኔ አንዷን እንኳ አበላሽተው በበየዷት ኖሮ! እናት እጃቸውን በብረቱ መሃል አውጥተው የልጃቸውን እጅ ይዘዋል። አንዱ ብረት ተቆረጠ። ሌላው ሊቆረጥ ጥቂት ሲቀረው ጣቶቻቸው ለቀቁ።

ባለሙያው ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ አባ ጠርጥር ኮቱን ጨምድደው ያዙት። «ለምን አላስገደድከኝም? አንድ ቀን ብትዋሸኝ ምን ነበረበት?» ወጣቱ አብሯቸው አለቀሰ። ለቀስተኛው «ቀናቸው ደርሶ ነው፣ ከዕጣ ፈንታ ማን ያመልጣል?» እያለ ያጽናናቸዋል። ይሁን፣ ቀናቸው ደርሶ ይሆናል። ግን ያንን ቀን በሩን ቆልፎ የጠበቀው ማን ነበር? ዕጣ ፈንታ ስንቱን የእኛን ሥራ ተሸክሞልን ኖሯል!

ሰው ሲበተን ልጃቸው በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን አንገታቸው ላይ ጠመጠመ።

«አባዬ፣ ተነስ፣ ወደኔ ቤት እንሂድ።»

«ይቅር ብለኸኛል?»

«ብዬሃለሁ።»

አባ ጠርጥር ቀና ብለው አዩት፤ እውነት ነው ወይ ብለው ግን አልጠየቁም። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቃል ሳይጠራጠሩ አመኑ... ይህችን ቀን ለማየት ዕድሜ ልካቸውን የለመኑት እናት ግን አልነበሩም።