ተዝካሩን በቁሙ የቀመሰ በረኛ

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የመስቀል በዓል በተቃረበበት ሳምንት፣ በኦሃዮ ምድር የበቆሎው ማሳ ሳይታጨድ ደርቆ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ ከጋሃና ከተማ ወደ ኮሎምበስ አየር ማረፊያ የሚወስደው መንገድ ግን ማሳውንም ወቅቱንም ከቁም ነገር ሳይቆጥር እንደ ልማዱ በጭነት መኪና ተጨናንቆ ይውላል። በዚያ መንገድ ዳር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ፣ አቶ ወልደሚካኤል ማዘንጊያ የጭነት ማራገፊያው አለቃ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ስድሳን የተሻገረ፣ ራሱ የተመለጠ፣ ቤትና ልጆች ያሉት፣ በሰበካ ጉባኤውም የተከበረ ሰው ነው።

በዚያን ቀን ጭነት ይዞ ከቺካጎ የመጣ ስቶያን የሚባል ቡልጋሪያዊ ሾፌር፣ በመኪናው ውስጥ ባለች ትንሽ ምድጃ የቀቀለውን ነገር በኩባያ እየሰፈረ ለሠራተኛው ሁሉ ያድል ጀመር። ዲቪ ደርሷት የመጣችውና የጭነት ወረቀት የምትፈርመው ሙኒራ ቀድማ ተቀበለች።

«ጋሼ ወልዴ፣ ይምጡ እስቲ! ፈረንጁ ንፍሮ ያድላል። ማን ሞቶበት ይሆን?»

ወልደሚካኤል ኩባያውን ተቀበለ፤ የተቀቀለ ስንዴ ነው፣ ስኳር ተነስንሶበታል። ያን ጊዜ አፉ ከልቡ ቀደመና «ቦግ ዳ ፕሮስቲ» አለ፤ በቡልጋሪያ የሙታን ስንዴ የተቀበለ ሁሉ የሚለው፣ እንደኛ «ነፍስ ይማር» ማለት ነው።

ስቶያን ክው አለ። «ቋንቋችንን ከየት አመጡት?»

«ተማሪ ሆኜ አገራችሁ ኖሬያለሁ።»

«እንግዲያው ሟቹ የእርስዎም ወገን ነው! በከተማችን ለሞተ አንድ ሐበሻ ነው የቀቀልኩት» አለና ስልኩን አወጣ። በዚያ አገር ሙት ዓመት በመጣ ቁጥር የሟቹ ፎቶ ያለበት ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ወግ ነው፤ በስልኩ ላይ የሚታየውም በስታዲየም በር የተለጠፈ እንዲህ ያለ ወረቀት ነበር። ጎፈሬው የተንጨባረረ ጎረምሳ ኳስ አቅፎ ቆሟል፤ ከሥሩ «ሚካኤል፣ የቤሎብሬግ በረኛ፣ በዳኑብ ወንዝ የሰመጠ» ይላል።

ወይ ጉድ! ወልደሚካኤል የሚያየው የገዛ ፊቱን ነበር።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰው ሁሉ «ጓድ» በሚባባልበት ዘመን፣ ወልደሚካኤል የትራክተር ጥገና ሊማር ቤሎብሬግ ወደምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ተላከ፤ ቁመቱንና የእጁን ስፋት ያዩ ሰዎች ግን ከትራክተሩ ነጥቀው ግብ ላይ አቆሙት። ክለቡን የመሠረቱት የወደብ ኩሊዎች «የወደብ ጭልፊት» ብለውት ነበር፤ ፓርቲው ሥልጣን ሲይዝ «ቀይ መልህቅ» አለው። የማሊያውና የኳሱ ኃላፊ ባይ ራንጌል የሚባል ልጅ ያልወለደ ሰው ነው፤ «ባይ» ማለት እንደኛ «ጋሼ» ነው። ይህ ሰው ሐበሻውን በረኛ እንደ ልጁ ያዘው፤ ከገዛ ድስቱ ያበላዋል፣ ብርድ ሲሆን የገዛ ካፖርቱን ያለብሰዋል።

በሰማንያ አንድ ግንቦት በአዲስ አበባ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ሲከሽፍ፣ የወልደሚካኤል ታላቅ ወንድም ሻምበል ህብረት ከታሰሩት መኮንኖች አንዱ ሆነ፤ ለወንድምየውም «በአስቸኳይ ወደ አገርህ ተመለስ» የሚል ትእዛዝ መጣ። ምን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው። መስከረም ሲጠባ ባይ ራንጌል የልጁን ልብስና ጫማ በወንዙ ዳር አስቀመጠ፤ ልጁን ግን በርበሬ በጫነ መኪና ደብቆ ወደ ዩጎዝላቭያ ድንበር ሰደደው። ከዚያም በፖሊስ ፊትም በቄስ ፊትም «እያየሁት ሰመጠ» ብሎ ማለ። ሲለያዩ «ብትደርስ እንዳትጽፍልኝ፤ ደብዳቤህ እኔን ይሰቅለኛል» ብሎት ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ የቡልጋሪያው አገዛዝ ራሱ ወደቀ። የዘመን ነገር እንዲህ ነው፤ የሚያስሮጥህ ሲያስሮጥህ ከርሞ፣ ዞር ብለህ ስታየው የለም! ወልደሚካኤል ከኢጣሊያ የስደተኛ ካምፕ ለቀይ መልህቅ ክለብ አንድ ካርድ ላከ፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ አንድ ነጋዴ ክለቡን ገዝቶ በቋሊማ ፋብሪካው ስም ሰይሞት ነበርና ካርዱ ተቀባይ አጣ። መልስ ሲጠፋ፣ ሽማግሌው ሞቷል ብሎ ቆረጠ። ነጋዴው ከስሮ፣ ደጋፊዎቹም አዋጥተው ክለቡን ወደ ጥንቱ ስሙ ወደ «የወደብ ጭልፊት» እንደመለሱት አልሰማም።

«ቤሎብሬግ ውስጥ ስንዴውን የሚቀቅለው ማነው?» አለ ወልደሚካኤል።

«ባይ ራንጌል ነበር። ዘንድሮ ግን አልጋ ይዟል፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል። እሑድ የክለባችን መቶኛ ዓመት ነው፤ የበረኛው ምስል በእብነ በረድ ተቀርጾ ይመረቃል። ሽማግሌው ለዚያ መድረሱን እንጃ። በየዓመቱ እንደ አዲስ ያለቅሳል፤ ‹ይበቃሃል› ስንለው ‹መሞቱን ባውቅ ኖሮ መች አጣሁት መጽናናቱን› ይላል። ዘባረቀ እንላለን።»

ወልደሚካኤል ግን ገባው። ሽማግሌው በሐሰት ምሎ የሸኘው ልጅ ድንበሩን ይሻገር አይሻገር ሳያውቅ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖሯል፤ አሁንም ሳያውቅ ሊሞት ነው።

«ስቶያን፣ ደውልለት። ሚካኤል እኔ ነኝ።»

ስቶያን ሳቀ። ወልደሚካኤል ቀኝ እጁን ዘረጋ፤ ትንሿ ጣት ተሰብራ ጠማማ የገጠመች ናት፤ በፎቶውም ላይ ኳሱን ያቀፈችው ጣት ያችው ጠማማ ናት። የስቶያን ሳቅ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

«አባቴ አንተን ፍለጋ ወንዙን ሲያስስ ሳንባውን ታሞ ቀረ! አንተ ግን እዚህ ቁጭ ብለህ ትበላለህ?»

ሙኒራ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ምን አሉት? ሊመታዎት ነው እኮ! ሴኩሪቲ ኮል ላድርግ?»

«ተይ ልጄ» አለ ወልደሚካኤል፤ «ሞቼበት ነው።»

ስቶያን ቁና ቁና እየተነፈሰ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ፤ በመጨረሻ ስልኩን ደወለ። የሽማግሌው ፊት በትራስ ላይ ታየ፤ አፍንጫና ዓይን ብቻ ቀርቶታል።

«ባይ ራንጌል፣ እኔ ነኝ። ተሻገርኩ።»

ሽማግሌው ከትራሱ ቀና ሊል ሞከረ። «ተሻገርክ?»

«ተሻገርኩ። ቤት ሠራሁ፣ ልጆች ወለድኩ።»

ሽማግሌው እንባው በጆሮው ላይ ፈሰሰ፤ ወዲያው ደግሞ ይሳደብ ጀመር። «አንተ ውሻ! ይህን ሁሉ ዘመን ስታስለቅሰኝ!»

«ለቀይ መልህቅ ካርድ ልኬ ነበር።»

«ቀይ መልህቅ የሚባል የታለና!»

ስቶያን ቁጣው ሁሉ ረግፎ «ለክለቡ ሊቀመንበር እነግራለሁ፤ እሑድ ሚካኤል ራሱ ይምጣ!» አለ። የወልደሚካኤል ልብ ዘለለ፤ በእነዚያ የግብ ቋሚዎች መካከል አንዴ መቆም ከምንም ነገር አብልጦ ይመኝ ነበር። «እመጣለሁ!» አለ።

«አትመጣም» አለ ባይ ራንጌል። «ስማኝ ልጄ። ስማችንን ፓርቲ ለወጠው፤ ነጋዴ ለወጠው፤ ወጣቱ ተሰዶ አለቀ። ማንም ያልሸጠብን አንተን ብቻ ነው። በዓመት አንድ ቀን የተጣላው እንኳ አብሮ የሚቆመው በአንተ ሐዘን ነው። ይህን አትውሰድባቸው።»

«እኔ ግን በሕይወት አለሁ እኮ፣ ባይ ራንጌል።»

«ለእኔ አለህ። ለእኔ በቃኝ፤ አንተም ይብቃህ። ቃል ስጠኝ።»

ወልደሚካኤል አለቀሰ፤ ቃሉንም ሰጠ። ስቶያንም ምስጢሩን ሊጠብቅ በአንገቱ መስቀል ማለ። ሽማግሌው ሐሙስ ዕለት አረፈ።

እሑድ ወልደሚካኤል ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ከሙኒራ ጋር ሞርስ ሮድ በሚባለው ጎዳና ባለ ምግብ ቤት ተቀምጠው ምረቃውን በስልክ ተመለከቱ። የሆነውን ሁሉ ምስጢር አስምሎ አስቀድሞ አጫውቷት ነበር፤ አሁን ንግግሩን ይተረጉምላታል። ሊቀመንበሩ፣ ሐበሻው በረኛ ከውኃ ሕፃን ሲያወጣ እንደ ሰመጠ ተናገረ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። ስለ ባይ ራንጌል «ማሊያችንን ያጥብልን የነበረ» ተብሎ የአንድ ደቂቃ ጸሎት ተደረገ።

«ዋሹ እኮ ጋሼ!» አለች ሙኒራ። «ደግሞ የምን ሕፃን ነው? ለምን ዝም ይላሉ?»

«ቃል ሰጥቻለሁ፤» አለ። ስልኩን እያስቀመጠ፣ «ያማል ግን፤ በጣም ያማል» አለ።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ለሟች ጸሎተ ፍትሐት እንዲደረግ ለመነ። ካህኑም «የምንህ ነው?» ቢሉት «አባቴ ነው» አለ።

የክለቡ ታሪክ ያልሞተውን ሰው በእብነ በረድ አቆመ፤ ያዳነውን ሰው ግን ማሊያ አጣቢ ብሎ አለፈው። ለቤሎብሬግ ሰዎች ይህ ሐሰት አይደለም፤ እንባቸው እውነተኛ ነበርና። የሆነውን ነገር የሚያውቁት በኮሎምበስና በቺካጎ ያሉ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ሲያልፉ አብሯቸው ያልፋል።