የፋንታ ኮት

ፋንታ ጀሶ ከሚቆፈርበት ዋሻ አፍ ትንሽ ገባ ብሎ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ዶማው ከጎኑ ነው፤ የባለመስመር ጥቁር ኮቱ ቁልፎች እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል። ማጅራቱ ላይ ተፈንክቷል። ከሥሩ ያለው ጀሶ ግን እንደ ዱቄት ነጭ ነበር፤ አንድ ጠብታ ደም አልነካውም።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ገብረ ሕይወት ከቢቸና በበቅሎ ወርዶ ሬሳውን ሲመረምር፣ ከአፋፉ ላይ ፈጥኖ ደራሾች ጠመንጃቸውን ቁልቁል ደግነው ነበር። ናዳ ሦስት ሰው ከቀበረ ወዲህ ሠራተኛው «ጣሪያው በእንጨት ካልተደገፈ አንገባም» ብሎ አድሟል፤ የአድማው መሪ ፋንታ ነበር። አሁን ሁሉም ደጅ ላይ ተኮልኩለው ለመሳልም ይፈራሉ።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሣህለ ማርያም። «ፋንታ አድማውን ትቶ ዛሬ ማለዳ ሥራ ሲገባ፣ ያ የሞጣው ሳሊህ ‹ከዳኸን› ብሎ ገደለው። እስከ ቀትር ካላናዘዙትና ሠራተኛው ካልገባ፣ እነዚያ አፋፉ ላይ ያሉት ይተኩሳሉ።»

«ሲገባ ማን አየው?»

«እኔው፣ ከቢሮዬ መስኮት! ዶማውን ተሸክሞ፣ ኮቱን ግጥም አድርጎ ለብሶ።»

ሳሊህ የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል፤ የኮቱ የጆንያ ገበር ወደ ውጭ ዞሯል። ሚስቱ መሪማ ከፊቱ ቆማለች።

«ከፋንታ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ትላንት ተጣላን፣ ጌታዬ። እኔ ‹ልጆቼ ተራቡ፣ እንግባ› አልኩት። እሱ እንቢ አለ። ዛሬ ብቻዬን ልሠራ ስገባ፣ ወላሂ፣ ሬሳው ላይ ነው የቆምኩት።»

«በአላህ ይዤዎታለሁ» አለች መሪማ። «እሱ ዶሮ እንኳ የሚያርደው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።»

የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው ወልደ ኪዳን ተጠራ።

«ፋንታን ትላንት ማታ አይተኸዋል?»

«አላየሁም፣ ጌታዬ። ዓይኔ ደካማ ነው።»

«ካቦ ሲያደርጉህም ደካማ ነበር?»

መቶ አለቃው «በል ወደ ውስጥ አስገባኝ» ሲለው እጁ ከአፉ ቀደመ፤ ኮቱን አውልቆ ገልብጦ ለበሰና ፋኖስ አነሣ።

ቀትር ሲቃረብ መቶ አለቃው ሁሉንም ወደ ቢሮው ሰበሰባቸው። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል።

«ለእኔ ነው? እንዲህ ተከብሬ አላውቅም» አለና ሣሩን በጫማው ገፋ አደረገው። እንጨቱ ተፍቋል፤ ጠቆር ያለው የደም እድፍ ግን አለቀቀም።

«ወልደ ኪዳን፣ ቅድም ኮትህን ለምን ገለበጥክ?»

«ጀሶ ነዋ! አንዴ ከያዘ አይለቅም። ደህናው ፊት ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ነው። እኛ ሁላችንም ገልብጠን ነው የምንገባ።»

«ሳሊህም ገልብጦ ነው የገባው፤ ሊሠራ። ፋንታ ግን በደህናው ፊት ለብሶ ተገኘ። ለሥራ አልገባም ማለት ነው። እንዲህ የለበሰው ለክብር ቦታ ነው፤ ለዚህ ቢሮ። የሞተውም እዚሁ ነው፤ ጀሶው ደም ያልነካው ለዚያ ነው። ሬሳውን ወደ ዋሻው ወስዶ ዶማ ያስጠጋለት ሰው የኮቱን ነገር አያውቅም። ሳሊህ ቢሆን ያውቃል። ካቦውም ያውቃል። አቶ ሣህለ ማርያም፣ እርስዎ ዋሻው ውስጥ ለሥራ ወርደው ያውቃሉ?»

ወልደ ኪዳን ወለሉን እያየ፣ «ማታ ወደዚህ ሲገባ አይቼዋለሁ» አለ። «ሲወጣ አላየሁም። ፈራሁ።»

«ልንስማማ ነበር የጠራሁት!» ሥራ አስኪያጁ ጮኹ። «እሱ ግን እንጨት፣ እንጨት፣ እንጨት! ሌላ ቃል የለውም!» ወዲያው ወደ መስኮቱ ዞረው ፈገግ አሉ። «ቢሆንስ? ቀትር ሆኗል።»

ከአፋፉ ላይ ፊሽካ ተነፋ። የጠመንጃዎቹ ቃታ ተራ በተራ ቀጭ ቀጭ አለ።

የተፈታው ሳሊህ ወጥቶ ከዋሻው አፍ ቆመ። እንግባ ይል የነበረው እሱ፣ ኮቱን አውልቆ ደህናውን ፊት ወደ ውጭ መለሰና ለበሰ። ቁልፎቹ አልገባ ብለውት መሪማ ቆለፈችለት። ከጎኑ ያለውም ለመግባት የገለበጠውን ኮቱን መለሰ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ በመጨረሻ ወልደ ኪዳን።

መቶ አለቃው ካቴና ያጠለቀላቸውን ሥራ አስኪያጅ እየጎተተ ከሠራተኞቹ ፊት፣ ልክ ከአፈሙዞቹ ትይዩ አቆማቸው።

«አትተኩሱ!» ብለው አቶ ሣህለ ማርያም ባለ በሌለ ድምፃቸው ጮኹ። «ሰው አለ እዚህ! ሰው አለ!»

በዚያ ዋሻ ደጅ ሰው መኖሩን ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰሙት ያኔ ነው።